በኳስ ሜዳው ስር የተቀበረው አምስተኛ ቱቦ

ኤቨርት ሱንድማርክ እውነቱ በእጁ እያለ የሚያንሾካሹክ ሰው ነው። የዚህ ዓይነት ሰው ያህል የሚያናድደኝ የለም። ተሳስቶ የሚጮኽ ይሻለኛል፤ ጮኸህ ትመልስለታለህ፣ ትሰድበዋለህ፣ ይወጣልሃል። እውነቱን ይዞ ለጫማው የሚናገርን ሰው ግን ምን ታደርገዋለህ?

ከእሱ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቱቦ ቀብሬአለሁ። ሥራችን ይኸው ነው። ቦይ ቆፍረን ረጅም ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ እንዘረጋለን። ቱቦው ከቤቱ ይወጣል፣ መሬት ለመሬት ሲዞር ይቆይና ተመልሶ እዚያው ቤት ይገባል። ውስጡ ብርድ የማያረጋው ፈሳሽ ይዞራል። መሬት ላይዋ በበረዶ ተሸፍኖም ቢሆን ከሆዷ ትንሽ ሙቀት አይጠፋም፤ ፈሳሹ ያችን ሙቀት እየለቀመ ለማሽኑ ያስረክባል፣ ማሽኑ ደግሞ አባዝቶ ቤቱን ያሞቃል። ዘይት የለም፣ ጭስ የለም። ታዲያ ይህ ሁሉ የሚሆነው ቱቦው እንደ ቀለበት የተዘጋ ከሆነ ብቻ ነው። የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ካለችው የቀበርከው ማሞቂያ ሳይሆን ቆሻሻ ነው።

ይህን ከኤቨርት በላይ የሚያውቅ በሰሜን ስዊድን፣ በቬስተርቦተን ምድር አላየሁም። ቱቦ ሲፈታ እጁን አስደግፎ ብቻ የት ቦታ እንደተቆለመመ ይነግርሃል። የበየደው መጋጠሚያ ሲያፈስ አይቼ አላውቅም፤ አንዴ ካልሆነ በስተቀር፤ የዚያም ጥፋት የብየዳው አልነበረም። መናገር ላይ ግን ምንም ነው። ሲስማማ አፉን ለፉጨት እንደሚያሾል ሰው ያሾልና አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ እኛ ዘንድ «አዎ» ማለት ነው። ሳይስማማስ? ሳይስማማም አየር ይስባል፤ ትንሽ ዘግየት ብሎ።

ሁለቱን የግራ እጁን ጣቶች ያጣው በዚህ ጠባዩ ነው። በሃያ ስድስት ዓመቱ ከተማ ውስጥ ወፍራም የብረት ቱቦ ሲያወርዱ አለቃው «እጅህን አስገብተህ ደግፈው» አለው። ኤቨርት ቱቦውን ያንጠለጠለው ሰንሰለት ሊበጠስ መድረሱን አይቷል። ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሰንሰለቱ ትንሽ ያረጀ ይመስላል» አለ። አለቃው «ይመስላል፣ በል ደግፈው» አለ። ደገፈው። እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን ስትጠይቀው «ተናግሬ ነበር እኮ» ይልሃል። ተናግሬ ነበር! ጣቶቹ ግን አልሰሙትም።

ሚስቱን ሶልቬይግንም ያገባት እንዲሁ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ወንዙን በበረዶ መንሸራተቻ እየተሻገረ የእናቷን ማገዶ ሲፈልጥ ኖረ። በስድስተኛው ዓመት ሶልቬይግ በር ላይ ወጥታ «ስማ፣ ልታገባኝ ነው ወይስ ጫካውን ልትጨርሰው ነው?» አለችው። አየር ሳበ። ተጋቡ።

የዛሬ ሦስት ዓመት በጸደይ ከማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። በመንደራችን በሃርሴሌ አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ ተማሪዎቹ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። የትምህርት ቤቱ የዘይት ማሞቂያ አርጅቶ እንዳይሠራ ታገደ። ደብዳቤው የሚለው ይህን ነበር፦ በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሳምንት ረቡዕ መርማሪ ትመጣለች፤ አዲስ ማሞቂያ ተተክሎ፣ ተሞክሮ፣ የሞከረው ሰው የፈረመበት ወረቀት ካላገኘች ሐሙስ ምክር ቤቱ ትምህርት ቤቱን ይዘጋል። ልጆቹ አርባ ሰባት ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ሄደው አርባ ሰባት ኪሎ ሜትር ይመለሳሉ ማለት ነው። በጃንዋሪ፣ በጨለማ፣ ሰላሳ ዲግሪ ከዜሮ በታች። የሰባት ዓመት ልጅ! ይህን የጻፈችው እጅ ሙቅ ቢሮ ውስጥ እንደነበረች በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

መንደሩ ተሰበሰበ። ቱቦው በኳስ ሜዳው ስር እንዲቀበር ተወሰነ፤ እርጥብ ሜዳ ነው፣ ሙቀት ይይዛል። ማዘጋጃ ቤቱ ማሽኑንና ቱቦውን ያመጣል፣ ቁፋሮው በመንደሩ ጉልበት ይሆናል፣ ቱቦውን ኤቨርት ይዘረጋል፣ ወረቀቱ ላይም ኤቨርት ይፈርማል። ስብሰባው ላይ የትምህርት ቤቱ መምህር ሂሌቪ ተነስታ «ኤቨርት፣ ይደርሳል ወይ?» አለችው። እሱም አየር ሳበ። ፈጥኖ ነበር የሳበው፤ እውነተኛው «አዎ» ነው።

ቁፋሮው በሲክስተን እጅ ወደቀ። ሲክስተን የመንደሩ ማኅበር ሊቀመንበር ነው፣ የአዳኞቹ ቡድን አለቃ ነው፣ የመንደሩ ብቸኛ ኤክስካቫተርም የእሱ ናት። ሦስቱን አንድ ሰው ላይ የከመረ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? እኛው ነን። በየዓመቱ እጅ እናወጣለን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጎረቤቱ ቢታመም በሌሊት በረዶውን ጠርጎ መንገድ የሚከፍት ሰው ነው። ብቻ ጆሮው የተሠራው ለጩኸት ነው። ካልጮኽክበት የለህም።

ስድስት ቀለበት ነው የምንቀብረው፤ እያንዳንዱ ሦስት መቶ ሃምሳ ሜትር። ደንቡ አንድ ነው፦ አንድ ቀለበት አንድ ወጥ ቱቦ፣ መሬት ውስጥ መጋጠሚያ የለም። አራቱና ስድስተኛው እንደ ቅቤ ገቡ። አምስተኛው ቦይ ግን የባንዲራ ምሰሶው ጋ ደረሰ። ምሰሶውን ማኅበሩ ባምሳኛ ዓመቱ ያቆመው ነው፤ ዙሪያው ነጭ ድንጋይ ተደርድሮለታል፣ አግዳሚ ወንበር አለው። በግማሽ ቀን ሊነሳ ይችል ነበር። ሲክስተን ግን «ባንዲራውንማ አልነካም» አለና ቦዩን በትልቁ አጠማዘዘው። ኤቨርት ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ አየው። «ቱቦው እንዳያጥር» አለ። ለማን እንዳለ እግዜር ይወቀው፤ ሞተሩ እየጮኸ ነበር። እኔ ሰምቻለሁ። ሰምቼ አካፋዬን አነሳሁ።

ቱቦው አጠረ። አራት ሜትር።

ያ ዓርብ ነበር፤ ከሰኞው በፊት ያለው ዓርብ። ሰኞ ምን እንደሆነ እኛ ዘንድ ለሕፃን አይነገርም። በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ አጋዘን ማደን ይጀመራል፤ ከፈረስ ከፍ የሚለው፣ ቀንዱ አካፋ የሚመስለው አጋዘን። የዚያን ሳምንት ባንክ ብትሄድ ሰው የለም፣ ጥርስህን ብትታመም ሐኪሙ ጫካ ነው። ሰው ቢሞት ቀብሩ ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል፤ ሟቹም አዳኝ ስለሆነ አይቀየምም። ትምህርት ቤት ሊዘጋ መሆኑስ? እሱም ይጠብቅ!

ኤቨርት ቦዩ ውስጥ ገብቶ አራት ሜትር ቀጠለ። የቱቦውን ጫፎች ፋቀ፣ በአልኮል ጠረገ፣ ማያያዣው ውስጥ ከተተ፣ የመበየጃውን የኤሌክትሪክ ገመድ ሰካ። መበየዱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ንክች ማድረግ የለም። የቀለጠው ፕላስቲክ እስኪጠና ድረስ ትንፋሽም አይነካው። ኤቨርት ተንበርክኮ ሰዓቱን ያያል። ሲክስተን ኤክስካቫተሯ ላይ ነው፤ አፈር የሞላው ባልዲዋ ከቦዩ በላይ ተንጠልጥሏል። ተኩስ መለማመጃው ከሰዓት በአሥር ሰዓት ተኩል ይዘጋል፤ ጠመንጃውን ገና አልሞከረም።

«አልቋል አይደል?» ብሎ ጮኸ።

አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር የሆነው። ኤቨርት ቀና ብሎ «ትንሽ ቢቆይ ጥሩ ነበር» አለ።

«ጥሩ!» አለ ሲክስተንና አፈሩን ለቀቀው።

አየሁት። ቱቦው በማያያዣው ውስጥ እንደ አንገት ዘንበል ሲል አየሁት። ኤቨርትም አየ። ተያየን። ከዚያ ምን አደረግን? ኤቨርት ከቦዩ ወጥቶ ጉልበቱን አራገፈ። እኔ አፈር መለስኩ። አዎ፣ እኔም! እኔም ያልተሞከረ ጠመንጃ ነበረኝ፣ የመለማመጃው በር በእኔም ላይ ሊዘጋ ነበር። ሌላውን ስሰድብ ራሴን የማወጣ እንዳይመስላችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ኤቨርት ቀለበቶቹን ውሃ ሞልቶ፣ ግፊቱን ሦስት ባር አስነክቶ ይለካ ጀመር። አምስቱ ንቅንቅ አላሉም። የአምስተኛው መለኪያ መርፌ ግን ቡና እስኪጠጣ ድረስ ወደ ሁለት ወረደ። ደወለልኝ።

«አምስተኛው ትንሽ ይተነፍሳል» አለኝ።

«ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው?»

«አሁን አንድ ተኩል ነው።»

«ኤቨርት! ይሄ እኮ መተንፈስ ሳይሆን መሞት ነው! ለሲክስተን ደውልለት!»

«ነገ በእጣው ላይ እነግረዋለሁ።»

እሑድ ከሰዓት ሃያ ሁለታችንም በአዳኞች ቤት ተሰበሰብን። ማን የትኛው ማማ ላይ ተቀምጦ እንደሚያደፍጥ እጣ የሚወጣው ያን ቀን ነው። ሲክስተን ኮፍያውን ይዞ በየተራ ያዞራል፤ ቡናው ውስጥ አይብ እየቆረጡ ይጥላሉ፤ ሳቁ ሌላ ነው። ኤቨርት ሰባት ቁጥር ደረሰው። ለእኔ ከኳስ ሜዳው ጀርባ ያለው ሦስት ቁጥር ወጣልኝ፤ አጋዘኖቹ ወንዙን የሚሻገሩበት! ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ኤቨርት ኮፍያው ሲደርሰው «ያ አምስተኛው፣ እንጃ፣ ምናልባት ማየት ሳያስፈልግ አይቀርም» አለ።

«ምን ሆነ?» አለ ሲክስተን።

«ግፊቱ ያን ያህል አይደለም።»

«አምስተኛውን ትዘጋዋለህ፣ በአምስቱ ትሞክራለህ፣ ስድስት ብለህ ትፈርማለህ። በጸደይ እንከፍተዋለን። ማን ቆጥሮ ያያል?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። አምስት ቀለበት ትምህርት ቤቱን እስከ ገና ያሞቀዋል። ከዚያ በኋላ ሙቀት ከአቅሙ በላይ ስለሚመጠጥ መሬቱ ራሱ ይቀዘቅዛል፣ በረዶ ይሆናል። ፌብሩዋሪ ላይ ልጆቹ በጓንት ይጽፋሉ፣ ማዘጋጃ ቤቱ «አላልንም?» ይላል፣ ትምህርት ቤቱ ያኔ ይዘጋል። ይህን ኤቨርት ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ሲክስተን አያውቅም፤ የሚነግረው ሰው ስላጣ።

ኤቨርት አየር ሳበ። ዘግየት ብሎ። ሲክስተን እንደ «አዎ» ተቀብሎ ኮፍያውን ለቀጣዩ ሰው ሰጠ። እኔስ? እኔ ቁጥር ሦስቴን ኪሴ ውስጥ እየደባበስኩ ነበር።

ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ሂሌቪ እየጠበቀችን ነበር። እሷ አታድንም፤ ስለ ረቡዕ ለመጠየቅ ነው የመጣችው።

«ኤቨርት፣ ቱቦው ያዘ?»

«አምስቱ ይዘዋል።»

«ስድስት ነው የተባለው።»

ኤቨርት የመኪና ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

«ይኸውልህ» አለች፣ «እኔ አሥራ አራት ዓመት እዚህ አስተምሬአለሁ። እንዲህ ያለ ልጅ ሁልጊዜ ክፍል ውስጥ አለኝ። መልሱን ያውቃል፣ እጁን ግን አያወጣም። ልጅ ሲሆን አባብለዋለሁ። አንተ ስልሳ ሦስት ዓመትህ ነው። አላባብልህም።»

«ለሲክስተን ነግሬዋለሁ እኮ።»

«ምን ብለህ?»

ኤቨርት ጫማውን አየ። እሷ እኔን አየችኝ። እኔ መኪናዬን አየሁ።

«ሁለት ሽማግሌ!» አለች። «ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ!» የመኪናዋን በር ዘግታ ሄደች።

ሰኞ ሳይነጋ ማማዬ ላይ ወጣሁ። ጉም ወንዙ ላይ ተኝቷል። ደረቴ ላይ ያለው የአዳኞቹ መገናኛ ሬዲዮ ይንሾካሾካል። ሲነጋጋ አንዲት እናት አጋዘን ከጥጃዋ ጋር ወንዙ ዳር ብቅ አለች። ትንፋሼን ያዝኩ። ያን ጊዜ ነው ከኳስ ሜዳው በኩል አንድ ሞተር ሳል ሳል ብሎ የተነሳው። አጋዘኖቹ ጆሯቸውን አቆሙና ጠፉ።

ሬዲዮው በጩኸት ተሞላ።

«ማነው ሞተር ያስነሳው?»

«ከመንደሩ ነው።»

«ሲክስተን፣ ያንተ ኤክስካቫተር ይመስላል።»

«የኔ ኤክስካቫተር ኳስ ሜዳ ላይ ቆማለች!»

«እሷ ነቻ የምትጮኸው።»

«ከፊቴ ሁለት ነበሩ፣ ሁለቱም ሄዱ! የማን ልጅ ነው እዚያ የሚጫወተው?»

«ሰባት ቁጥር፣ ኤቨርት፣ ትሰማለህ? ኤቨርት?»



«ሰባት ቁጥር ባዶ ነው» አለ አንዱ፤ ሞተሩን ማን እንዳስነሳ ሲገባን ማመን አቃተን። ኤቨርት የሰው ዕቃ ያለ ፈቃድ ሲነካ ያየ የለማ! ጎረቤቱ መሰላል እንዲያውሰው ለመጠየቅ ሁለት ሳምንት የሚያስብ ሰው ነው።

«ሦስት ቁጥር» አለ የሲክስተን ድምፅ። «አንተ ቅርብ ነህ። ሂድና አስቁመው።»

እኔን ነው። አልመለስኩም። ሬዲዮዬ የተበላሸ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጌ ተቀመጥኩ። ላስቆመው አልፈለግኩም፤ ልረዳውም አልሄድኩም። እዚያው ማማው ላይ፣ አጋዘን በሌለበት ጫካ፣ አርባ ደቂቃ እንደ ጉቶ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ ስለዚያ አርባ ደቂቃ ሳስብ ፊቴ ይቀላል። በኋላ ሲክስተን በአራት ጎማ ሞተሩ ከስር መጥቶ «ውረድ፣ ደንቆሮ!» ሲለኝ ወረድኩ።

ሜዳው ላይ ስንደርስ የኤክስካቫተሯ ሞተር ጠፍቷል። ኤቨርት ጉድጓድ ውስጥ በእጅ አካፋ የመጨረሻዋን አፈር እየጠረገ ነው። ቦታውን አልሳተም፤ ዓርብ ዕለት መጋጠሚያውን ከማዕዘኑ ጀምሮ በእርምጃ ለክቶ ነበር። ውሃው ከማያያዣው ስር በቀጭኑ ይንቆረቆራል።

ሲክስተን ጠመንጃው ጀርባው ላይ እንዳለ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ።

«ማን ፈቀደልህ አንተ?»

«ቁልፉ እላይዋ ላይ ነበር።»

«ቁልፉ ሁልጊዜ እላይዋ ላይ ነው! በአሥራ አምስት ዓመት ማንም ነክቷት አያውቅም! ሃያ ሰው ጫካ ውስጥ ተገትሯል፣ ታውቃለህ? አንድ ጥይት አልተተኮሰም! ሸለቆው ውስጥ ያለ አጋዘን ሁሉ አሁን ኖርዌይ ደርሷል!»

ኤቨርት በሦስት ጣቱ ወደ ማያያዣው አመለከተ። «ተጣምሟል። ሳይጠና አፈር ወደቀበት።»

ሲክስተን ጎንበስ ብሎ አየ። ሞኝ አይደለም፤ ወዲያው ገባው። ፊቱ ከቀይ ወደ ነጭ ሄደ፣ ከነጭ ተመልሶ ቀላ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሃለሁ።»

«"ቢቆይ ጥሩ ነበር" ነው ያልከው! ስለ ድንች ነው የምታወራኝ? ሲቀቀል ቢቆይ ጥሩ ነበር? "አቁም" አትልም? "አንተ ከብት፣ አቁም" አትልም?»

እዚህ ላይ፣ ማመን እስኪያቅተኝ ድረስ፣ ከሲክስተን ጋር ተስማማሁ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ሁለቱንም ባጋጫቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ኤቨርት አካፋውን ተከለ። አንገቱ ላይ ያለው ደም ሥር ተገትሯል።

«እሺ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ነው እንግዲህ። አንተ ከብት ነህ። አፈር ትመልሳለህ እኔ መልስ ስልህ፣ ከዚያ በፊት ባልዲውን ብትነካ በዚህ አካፋ ነው የምልህ። በአምስት ቀለበት አልፈርምም። በጸደይም አልከፍትም። ዛሬ ነው፣ አሁን ነው። ጠመንጃህን አስቀምጥና ውረድ። አንተም!» አለኝ። «ምን ይገትርሃል? ውረድ!»

ወረድን። ምን እናድርግ?

የተበላሸው ሲቆረጥ ቱቦው ያጥራል። ስለዚህ አጭር ቁራጭ በመሃል አስገብቶ በሁለት ማያያዣ፣ ሁለት ጊዜ መበየድ ነው። ከጥቅልል የወጣ ቱቦ ደግሞ ጥምዝ ትዝታ አለው፤ ካልያዝከው ተመልሶ ሊጠቀለል ይታገላል። ስለዚህ ሲክስተንን በአንዱ ጎን፣ እኔን በሌላው ጎን በሆዳችን ጭቃው ላይ አስተኛንና ቱቦውን ቀጥ አድርገን በክንዳችን አቀፍነው። ፋቀ፣ ጠረገ፣ ከተተ፣ በየደ።

«ሃያ ደቂቃ» አለ። «ማስነጠስ የለም።»

አምስተኛው ደቂቃ ላይ የሲክስተን ሬዲዮ ከደረቱ ስር ትጮህ ጀመር። «ሲክስተን፣ ሲክስተን፣ ምን እናድርግ? እንቆይ ወይስ እንውረድ? ሲክስተን?» ሲክስተን ዓይኑን ብቻ አንቀሳቀሰ። ኤቨርት ጎንበስ አለና እጁን ከአለቃችን ደረት ስር ሰድዶ ሬዲዮዋን አጠፋት።

«ይጠብቁ» አለ።

ሁለተኛው ብየዳ ሌላ ሃያ ደቂቃ ነበር። ቀዝቃዛው ጭቃ ሆዴ ድረስ ገባ። ሲክስተን በጥርሱ መሃል «ለጣቶችህም እንዲህ ብትጮህላቸው ኖሮ» አለ።

«ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር» አለ ኤቨርት። 

ከዚያ ቱቦው ሳይቀበር ሦስት ባር አስነካ፤ ሁለት ሰዓት ይጠበቃል። ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ስር ሦስታችን ተደርድረን ተቀመጥን። ሂሌቪ በመስኮት ታየናለች፣ አልወጣችም። የትምህርት ቤቱ ኩሽና ፓልት ሠርቶ ነበር፤ ጨው ሥጋ በድንች ሊጥ ተጠቅልሎ የተቀቀለ። አንዲት ሴት ሦስት ሳህን አምጥታ ፊታችን አስቀምጣ ሄደች። ሲክስተን አንዴ መርፌውን፣ አንዴ ሰዓቱን ያያል። ኤቨርት አንዴም አላየም፤ ተደግፎ ይበላል። ሰዓቱ ሲሞላ ነው የተነሳው። መርፌው ሦስት ላይ ነበር። በጣቱ ጠቅ ጠቅ አደረገው፤ ሦስት ነው። በቱቦው ዙሪያ አሸዋ በእጁ ጠቀጠቀ፣ ወደ ሲክስተን ዞረ፣ «መልስ» አለ። ሲክስተን መለሰ፤ ባልዲውን እንደ እናት እጅ ቀስ እያደረገ።

ወረቀቱን ኤቨርት የኤክስካቫተሯ ጎማ ሰንሰለት ላይ አስደግፎ ፈረመ። ስድስት ቀለበት።

ረቡዕ መርማሪዋ መጣች። የክፍሎቹን የግድግዳ ማሞቂያዎች በመዳፏ ዳበሰች፣ ወረቀቱን አየች፣ ሄደች። ሐሙስ ምክር ቤቱ የሃርሴሌን ትምህርት ቤት ሳያነሳ አለፈና ወንዙን ሽቅብ ሄዶ የሌላ መንደር ትምህርት ቤት ዘጋ። እዚያ ኤቨርት የላቸውም ይሆናል፤ ወይም ዝም የሚሉ ሃያ ሰዎች ብቻ ናቸው ያሏቸው። እዚህ ምሳ እየበላን ተደሰትን። ለነሱ ማን ጮኸ? እኔም አልጮኽኩም፤ አሁን ነው የምጽፈው።

በዚያ ዓመት ቡድናችን ሦስት አጋዘን ብቻ ጣለ። ሲክስተን ጥፋቱ የጉሙ ነው ይላል።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ሜዳውን በባለ ጥርስ ሬክ እያስተካከልን ሳለ የእረፍት ደወል ተደወለ። አሥራ ዘጠኙም ኳስ ይዘው ወጡና ጭቃው ዳር ቆሙ። ጎል የለም፣ መስመር የለም፣ ሣር የለም። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ኳሱን በእግሯ ይዛ ጠየቀች።

«ሜዳችን መቼ ነው የሚመለሰው?»

ሲክስተን ሳቅ ብሎ «በጸደይ፣ ጎበዝ፣ ጸደይ ሲመጣ...» ማለት ጀመረ።

«በጸደይ አይሆንም» አለ ኤቨርት። ሬኩን አቆመ። «በበጋም አይሆንም። አፈሩ ገና ይሰምጣል፣ ከሮጣችሁበት ጉድጓድ ጉድጓድ ይሆናል። የዛሬ ዓመት ነው የምትጫወቱበት።»

«እንዴ! ዓመት ሙሉ?»

«ዓመት ሙሉ።»

አሥራ ዘጠኙም ባንድ ድምፅ ጮኹ። ልጅቷ ዓይኗን አጥብባ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«አንተ ክፉ ሰው ነህ» አለችው።

«ነኝ» አለ ኤቨርት። «በሉ ከጭቃው ዳር ራቁ፤ ጫማችሁ ይጨቀያል።»